ከወንዙ ወዲህ ያለን

ጥቅምት 9

ልጄ፣

ደህና ነሽ ወይ? ደህና ነኝ ብለሽ ብቻ እንደምታልፊው ስለማውቅ ደግሜ እጠይቅሻለሁ፣ ደህና ነሽ ወይ?

መልሴ የዘገየው ከስንፍና አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ከስንፍናም ነው። «ስልክ እያለ ምን ወረቀት ያስጨርስሃል» ብለሻል። በስልክ ስናወራ እናትሽ አጠገቤ ናት። ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ጆሮዋ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ አንቺ እዚያ በነርስነት ከምትሠሪበት ሆስፒታል ሆነሽ ብታዛጊ እዚህ ትሰማሻለች። ስለዚህ የአፍ ወሬ በስልክ፣ የሆድ ወሬ በወረቀት ይሁን። የአውቶቡሱ ሹፌር እንደሆነ ደንበኛዬ ነው። እኔ ጢሙን እላጨዋለሁ፣ እሱ ደብዳቤዬን ያደርሳል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ሰው ወረዳ ያጣል እንዴ?» ብለሻል። ያጣል። እኛ አጣን።

የሰፈራችንን አቀማመጥ አልረሳሽውም። ወንዙ ከላይ ሲመጣ ለሁለት ይከፈላል፣ እኛን መሀል አድርጎ ከታች ይገናኛል። በገበያው በኩል የእንጨት ድልድይ አለን፣ በአውቶቡስ ጣቢያው በኩል ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥን እንሻገራለን። ከገበያ ቆሞ የሚያየን «ማዶ» ይለናል፣ ከጣቢያ ቆሞ የሚያየንም «ማዶ» ይለናል። የሰፈሩ ስምም ማዶ ሆኖ ቀረ። ሁለቱም ዳርቻ በአንድ ወረዳ ስር እያለ ይሄ ማንንም አላስቸገረም። አሁን የዋና ከተማው ምክር ቤት «ለአስተዳደር እንዲመች» ብሎ ወረዳውን ለሁለት ከፈለው፣ የገበያው ወረዳና የጣቢያው ወረዳ ብሎ። ድንበሩ ወንዙ ሆነ። ስለ እኛ ደንቡ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት፦ «ማዶ ያለው ሰፈር በማዶው ወረዳ ይተዳደራል።»

ገበያው ወረዳ ሄድኩ። ጸሐፊዋ መስመሯን አነበበችልኝ፣ በመስኮት ወደ ሰፈራችን አሳየችኝና «ማዶ ናችሁ አባባ፣ ማዶ ይሂዱ» አለችኝ። ድልድዩን ተሻግሬ፣ ድንጋዩን ተሻግሬ፣ ጣቢያው ወረዳ ሄድኩ። እዚያ ያለው ሠራተኛም ያችኑ መስመር አነበበልኝ፣ በመስኮት አሳየኝና «ማዶ ናችሁ፣ ማዶ ይሂዱ» አለኝ። የሚያበሽቀው ምን መሰለሽ? ሁለቱም አልዋሹም።

ይሄ ሁሉ ያስቅ ነበር፣ ሁለት ነገር ባይኖር። አንዱ ድልድዩ ነው፣ ጣውላው እየወለቀ ወንዝ ይዞት እየሄደ ነው። ሌላው የእናትሽ የሕክምና ካርድ ነው። የወረዳ ማህተም ካላረፈበት የስኳር መድኃኒቷን አይሰጡንም። ማህተም የሚመታልን ደግሞ የለም። እስካሁን የፋርማሲው ሰውዬ ፊቴን አይቶ ይሰጠኛል። ፊቴ እስከ መቼ እንደሚያስኬደኝ አላውቅም።

«እማዬ እንዴት ናት» ላልሽው እንደምታውቂያት ናት። በዚህ ቤት ውስጥ ያያት ሰው ዓይነ ስውር ናት ብሎ አይገምትም። ከአልጋዋ እስከ በሩ የግድግዳውን ስንጥቅ በጣቷ ትከተላለች፣ ከበሩ እስከ ቧንቧው የልብስ ገመዱን፣ ከቧንቧው እስከ ፀጉር ቤቴ የጎረቤቶችን አጥር። ምሳዬን ሳታፈስ ታመጣልኛለች። ባለፈው እኔ ባለ ሁለት ዓይኑ በርጩማ አደናቅፎኝ ስዘረር፣ መጥታ ያነሳችኝ እሷ ናት። እየሳቀች።

አባትሽ


ጥቅምት 26

አባዬ፣

ሁለት ወረቀት ልኬያለሁ። ሰማያዊው ለእማዬ የሚነበብ ነው። ይሄኛውን ለብቻህ አንብበው። ሰማያዊው ላይ ደግሞ ከራስህ እንዳትጨምርበት። «እናቴ ሆይ ናፍቆትሽ አንገበገበኝ» የሚለው የኔ አይደለም፣ ስልክ ላይ እየደጋገመች ስታመሰግነኝ አፍሬ ሞትኩ።

የጠየቅከኝን ልመልስ። እበላለሁ። እተኛለሁ። ማዕድን ቁፋሮ ላይ የተጎዱ ሰዎች ሲበዙብን ብቻ አልተኛም። የማገባው ሰው ደግሞ እስካሁን የለም፣ ሲኖር ቀድሞ የሚሰማው ጎረቤታችን ጋሽ ሬዲዮ ስለሆነ አትጨነቅ።

የወረዳውን ነገር ስቄም ተናድጄም አነበብኩት። ያንን ቃል ስጠላው ነው የኖርኩት። ትምህርት ቤት «የማዶ ልጅ» ሲሉኝ ጫማዬ ላይ ጭቃ ባይኖርም ፈልገው ያገኙ ነበር። እስቲ ማመልከቻችሁን አውጥተህ እየው። «እኛ የማዶ ሰፈር ነዋሪዎች» ብላችሁ ነው የምትጀምሩት። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ሁለተኛውን ቃል ስታነብ ጉዳዩ አልቋል፣ ማዶ ነን ብላችኋላ! ራሳችሁ ናችሁ ራሳችሁን የምታባርሩት።

ቃሉን አውጡት። አንድም ቦታ እንዳይገባ። ለገበያው ወረዳ ብቻ ጻፉ፣ ድልድዩም ሐኪም ቤቱም በእነሱ በኩል ነውና። እንዲህ ብለህ ጀምር፦ «እኛ ከወንዙ ወዲህ ያለን ነዋሪዎች የወረዳችሁን አገልግሎት እንድናገኝ እንጠይቃለን።» ወንዙ ሁለት ክንድ አለው። ከገበያው ቆሞ ለሚያይ፣ በጣቢያው በኩል ካለው ክንድ ብትቆጥሩ ከወንዙ ወዲህ ናችሁ፣ ውሸት አይደለም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይፈርምበት።

የእማዬ ካርድ ሳይመታ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ። በዚህ እንዳትቀልድብኝ።

ልጅህ


ኅዳር 20

የኔ ጠበቃ፣

ሐኪም ቤት ምን ትሠሪያለሽ? ያለቦታሽ ነው የገባሽው።

ቃልሽን እንዳለ ጻፍነው። ሰፈሩን በሙሉ ፀጉር ቤቴ ሰበሰብኩት፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ መስኮቱ ላይ ተደግፈው፣ ግማሹ ውጭ ቆሞ። አነበብኩላቸው። ከዚያ ሬዲዮ ጭኑን መታና «ወዲህ! እስከ ዛሬ እንዴት ሳናስበው ቀረን!» አለ። የሱን ነገር ታውቂያለሽ፣ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሰፈሩ ዜና ያለ እሱ አይነበብም። በማግስቱ «እኛ ወዲሆች» እያለ ሲዞር ዋለ። ሁሉም ፈረመ። መጻፍ የማይችለው በጣቱ ፈረመ።

«የተቃወመ አለ ወይ» ትዪኝ ይሆናል። የለም። እናትሽ ብቻ አንድ ነገር ጠየቀች። ምሳዬን ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። «ወዲህ ማለት ከማን ወዲህ?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። «ከወንዙ ነዋ» አልኳት። «ወንዙ መቼ ያያል» ብላ ሳህኑን ሰጥታኝ ሄደች። እሷ መቼም አንድ ነገር ካልጣለች አይሆንላትም።

ጣቷን ይዤ እኔ አስፈረምኳት።

ፋርማሲው ሰውዬ ፊቱ መቀያየር ጀምሯል። ለዚህኛው ወር ሰጥቶናል።

አባትሽ


ታኅሣሥ 18

ልጄ፣

እልል በይ! አገኘን!

ማመልከቻውን ካስገባን ሳምንት ሳይሞላ ጠሩን። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጉዳይ እንዲህ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። «ስብሰባ ላይ ናቸው» የለ፣ «ነገ ተመለሱ» የለ። ምክትል አስተዳዳሪው ራሳቸው በእግራቸው ሰፈራችን መጡ። ፀጉር ቤቴ ገቡ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ፀጉር መቁረጫዬን ሁለቴ በአልኮል ጠረግኩት። አስተካክዬላቸው ስጨርስ መስታወቱን እያዩ አገጫቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «እናንተማ የኛው ናችሁ» አሉ። ሬዲዮ እንባው መጣ፣ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ድልድዩ አዲስ ጣውላ ለበሰ፣ በሁለቱም ጎን መደገፊያ ተሠራለት። የካርዱ ማህተም ተመታ። እናትሽን ይሄንን ላንብብልሽ ብዬ ማህተሙን በጣቷ አስዳሰስኳት። ምንም አይዳሰስም ለካ፣ ሆኖም «ክብ ነው» አለችኝ፣ ደስ እንዲለኝ።

ትልቁን ነገር አልነገርኩሽም። እናትሽ ድልድዩን ብቻዋን ተሻገረች። መደገፊያውን ይዛ፣ ወዲያ ደርሳ ተመልሳ መጣች። ሰፈሩ ቆሞ ሲያያት እሷ ምንም አልመሰላትም። «የወዲያኛው ጫፍ እንጨት ላልቷል፣ ንገራቸው» አለችኝ። ሴቶቹ አንቺን ሲመርቁሽ ሰንብተዋል። «የነርሷ አባት» ነው የምባለው አሁን።

ከወረዳው የተላኩ ልጆች ደግሞ በሦስት እግር የቆመ መነጽር ይዘው መጥተው ሰፈሩን ሲለኩት ዋሉ። ሬዲዮ የመንገድ መብራት ሊተከልልን ነው ብሏል።

አባትሽ


ጥር 5

አባዬ፣

ደብዳቤህን እየሠራሁ ኪሴ ውስጥ ይዤው ስዞር ከረምኩ። ለነርሶቹ አለቃ አነበብኩላት፣ ድልድዩ ጋ ስደርስ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ እሷ ጨረሰችው። እማዬ ብቻዋን! ባየሁ።

በስልክ ለጠየቅከኝ፣ አዎ፣ ዕረፍቴን የምወስደው በመጋቢት ነው፣ ቤት እመጣለሁ። የድሮ አልጋዬን ለማንም እንዳትሰጥብኝ። እማዬ እጄን ይዛ ድልድዩን ታሻግረኛለች፣ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ኩራት ተሰማኝ አባዬ። እዚህ ሰው ይሞትብኛል፣ ሁሌም ከዘገየ በኋላ ነው የምደርሰው። ከሩቅ ሆኜ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አንድ ነገር ቀናልኝ። ይህን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ልጅህ


የካቲት 2

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶናል። እኛ ደህና ነን። ድልድዩ ደህና ነው። መድኃኒቱን በጊዜው እያገኘን ነው። ብርዱ ቀንሷል።

በመጋቢት እመጣለሁ ያልሽው፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ አንቺም ደክሞሻል። ዕረፍትሽን ለሌላ ጊዜ ብታደርጊው አይሻልም ወይ? አስቢበት።

እናትሽ በስልክ «ቀለም ይሸተኛል» ስትልሽ ሰምቻለሁ። ጎረቤት በሩን ቀብቶ ነው። ሬዲዮ ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነው ሰላምታ ያልላከው።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። አይዞሽ።

አባትሽ


የካቲት 15

አባዬ፣

ምን ሆናችሁ?

አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈህ አንድ ቀልድ የለበትም። ቤት አትምጪ ብለኸኛል። አንተ! ባለፈው ዓመት ፈቃድ ስከለከል ለሆስፒታሉ ኃላፊ ስድብ ጽፈህ ልትልክ የነበርከው ሰውዬ! ጋሽ ሬዲዮ ደግሞ ጉንፋን ቢይዘው የጉንፋኑን ዜና ለሦስት ቀን ያሰማል እንጂ ዝም አይልም።

እማዬ ናት? ስኳሯ ነው? እግሯ ቆስሏል? ነርስ መሆኔን አትርሳ፣ ከሩቅ የሚደበቀኝ ነገር የለም። ወይስ አንተ ነህ የታመምከው?

መልሱን ለሹፌሩ ዛሬውኑ ስጠው። እየለመንኩህ ነው።

ልጅህ


መጋቢት 1

ልጄ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። እናትሽ አልታመመችም። እኔም አልታመምኩም። ቤታችን ሊፈርስ ነው።

ሰፈሩ በሙሉ ሊፈርስ ነው። በየበሩ ቀይ ኤክስ ተቀብቷል። እነዚያ መነጽር የተከሉት ልጆች ለመብራት አልነበረም የመጡት።

«ለምን» ሳትዪኝ ልንገርሽ። የገበያው ወረዳ ገና ሲቋቋም ያወጣው እቅድ አለው። ከወንዙ ወዲህ ያለው ዳርቻ ተጠርጎ መናፈሻ ይሆናል ይላል። እኛ ማዶ እያለን እቅዱ ድልድዩ ስር ደርሶ ይቆም ነበር፣ መሬቱ የነሱ አይደለማ። ፈርመን «ወዲህ ነን» ስንል እቅዱ ድልድዩን ተሻግሮ መጣ። አዲሱን ጣውላ እየረገጠ። ጉዳያችን እንደዚያ የሮጠው ለካ ለዚህ ኖሯል። እኔ ጅሉ አገልግሎት መስሎኝ ፀጉራቸውን በነጻ አስተካከልኩ።

ምክትሉ ዘንድ ሄድን። አልተቆጡም፣ ወንበር ሰጡን። ማመልከቻችንን አውጥተው አነበቡልን። «‹እኛ ከወንዙ ወዲህ ያለን ነዋሪዎች› ያላችሁት እናንተ ናችሁ፣ እኔ አላልኩም» አሉ። ከዚያ ወደ ጣቢያው ወረዳ ሮጥን። «ማዶ ነን፣ የናንተ ነን» አልናቸው። ሠራተኛው ግልባጩን አሳየንና «ሰፈሩ ሁሉ ፈርሞበታል እኮ፣ እኔ ምን ላድርግ» አለን። ምን ያድርግ?

አንድ ነገር ግን ልብሽ እንዲያርፍ ልንገርሽ። ለወረዳው የገባው ማመልከቻ ያንቺ አይደለም። ያንቺን ቀደን ሬዲዮ እንደገና ጽፎት ነው። ስለዚህ ምንም እንዳይሰማሽ።

«እማዬ ምን አለች» ትዪኝ ይሆናል። አታውቅም። አልነገርኳትም፣ ጎረቤቶቹንም እንዳይነግሯት ለምኛለሁ። በራሳችን በር ላይ ያ ቀይ ነገር ተጋድሞ እሷ በአጠገቡ ምሳዬን ይዛ ታልፋለች። ሰው ሁሉ ያየዋል፣ እሷ ብቻ አታየውም። የሚስቴን ዓይን መጥፋት መደበቂያ አደረግኩት፣ ልጄ። ራሴን ተጸየፍኩት።

የሚሰጡን ቤት አለ አሉ። ከከተማው ዳርቻ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ፎቁም ርቀቱም አይደለም የጨነቀኝ። እናትሽ ይሄን ቤት በጣቷ ነው የምታየው። ከዚህ ስትወጣ ሁለተኛ ልትታወር ነው። እኔ ነኝ ያስፈረምኳት።

ሰው አይሰድበኝም። «ወዲህ» ብለው ግን ስም አውጥተውልኛል። «ወዲህ መጣ፣ ወዲህ ሄደ» ይላሉ ሳልፍ። ወንበሬ ባዶውን ነው የሚውለው።

አባትሽ


መጋቢት 10

አባዬ፣

አትዋሽልኝ።

ጋሽ ሬዲዮ በዕድሜው አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር ጨርሶ ያውቃል? እሱ ጽፎት ቢሆን ምክትሉ እስከ ዛሬ አንብበው አይጨርሱትም ነበር። ደግሞ ያነበቡላችሁን ራስህ ጽፈህልኛል። ቃል በቃል የኔው ነው። ያንን ቃል ስለጠላሁት ነው ያስወጣኋችሁ። ለድልድዩ ብቻ አልነበረም፣ ለራሴም ነበር። ማዶ ሆነን ብንቀር ኖሮ ጣውላው እየወለቀም ቢሆን እማዬ ቤቷ ውስጥ ነበረች። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልወረደልኝም። የሰው ቁስል እያጠብኩ እሱን ነው የማስበው።

ፈቃዴን ከለከሉኝ። ከጉድጓዱ የሚወጣው ቁስለኛ በዝቷል፣ ተተኪ እስኪመጣ ማንም አይወጣም ተብሏል። ለምኛለሁ፣ አልቅሻለሁ፣ ሥራውን እለቃለሁ ብዬ ነበር፣ ካርዱ ካልሠራ የእማዬን መድኃኒት የምገዛው በደሞዜ ነው ብዬ ተውኩት። ከኔ ጋር ላስቀምጣችሁ እንዳልል፣ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ነርሶች ነን።

አሁን የምነግርህን አድርግ። ለእማዬ ንገራት። ማሽኑ ሲመጣ ከድምፁ እንዳትሰማው። አንተ ንገራት፣ ዛሬ። ቃሉ የኔ መሆኑንም ንገራት። በሰማያዊ ወረቀት ላይ አልጽፈውም፣ በድምፅህ ትስማው። እና የምትለኝን ነገር ሳትቀንስ ሳትጨምር ጻፍልኝ።

ልጅህ


ሚያዝያ 22

ልጄ፣

ሹፌሩ እስኪያገኘን ነው የዘገየው። ወደዚህ የሚመጣ ደንበኛ የለኝም።

እንዳልሽው ነገርኳት። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጬ እጇን ይዤ፣ የሚናገረው ነገር እንደጠፋበት ሰው ስጀምር ስተው፣ «ቤታችን...» ስል፣ «አውቃለሁ» አለችኝ። ቀለሙ በሸተታት ቀን ነው ያወቀችው። እኔ ሥራ ስሄድ ጠብቃ ወጥታ በሩን ዳስሳዋለች። ቀለሙ ወፍራም ነበር፣ ኤክሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቷ ሄደችበት። ከዚያ የጎረቤቱን በር፣ ከዚያ የሚቀጥለውን። ሰፈሩን በሙሉ እየዳሰሰች ዞራ ተመልሳ ምሳዬን አመጣችልኝ። «ለምን ዝም አልሽኝ?» ስላት «አንተ እኔ እንዳልሰማ ብለህ ስትንሾካሾክ አንጀቴን በላኸኝ፣ ደክመህበታል ብዬ ነው» አለች።

ያንቺንም ነገርኳት። የምትለውን ሳልቀንስ ሳልጨምር ጻፍ ብለሻል፣ ይኸው፦ «እሷ ልጅ ናት፣ ድልድይ ነው የፈለገችው። እኔም ተሻግሬበታለሁ። እንዳትቆጣት።» ከዚህ በላይ አላለችም። አለማልቀሷን ፈራሁት።

በስልክ «ሲፈርስ አያችሁ ወይ» ላልሽኝ፣ አላየንም። ቀድመን ወጣን። ሬዲዮ እስከ መጨረሻው ቆሞ አይቷል፣ ለማንም ግን አልተረከም። እኛ ያለንበት ሕንጻ ውስጥ ከታች ነው ያለው። ደረጃው ላይ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፣ በስሜ።

የእናትሽን መድኃኒት ጠይቀሻል። ያለን ያልቃል። እዚህ ያለው ወረዳ ሌላ ነው። ካርዱን ስሰጣቸው «የዚህ ወረዳ ነዋሪ ስላልሆናችሁ ከቀድሞው ወረዳችሁ መሸኛ አምጡ» አሉኝ። ገበያው ወረዳ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ያችው ናት፣ አወቀችኝ፣ አዘነችልኝም። «አባባ፣ መሸኛ የሚጻፈው በቤት ቁጥር ነው፣ የርስዎ ቤት ከመዝገብ ወጥቷል» አለችኝ። ቢቻልሽ ከሆስፒታላችሁ ለአንድ ወር የሚሆን በሹፌሩ ላኪልኝ። ለፋርማሲ የማሳየው ፊት የለኝም እዚህ።

አሁን ስለ እሷ። «ቤቱን ለመደችው ወይ» ብለሻል፣ «አትዋሽልኝ»ም ብለሽኛል።

አልለመደችውም። ግድግዳው ልሙጥ ነው፣ አንድ ስንጥቅ የለው። ሁሉም በር አንድ ዓይነት፣ ሁሉም እጀታ አንድ ዓይነት። በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳውን ይዛ ስትሄድ ሄዳ ሄዳ የጎረቤት በር ከፈተች። አልተቆጧትም፣ ግን አፈረች። ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም። አልጋው ላይ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትውላለች። ላሳይሽ፣ ላለማምድሽ፣ ገመድ ልወጥርልሽ እላታለሁ። «ተወኝ እስቲ፣ ደክሞኛል» ትለኛለች። ሽንት ቤት እኔ ነኝ የምወስዳት። በትዳራችን ሙሉ እሷ ነበረች እኔን የምትመራኝ፣ ምን የት እንዳለ የምትነግረኝ።

ከፍታው ብዙ ነው። ከታች የሰው ድምፅ አይመጣም፣ ዶሮ የለ፣ በር ሲከፈት አይሰማ፣ ውሃ የሚቀዳ የለ። መስኮቱን ብከፍትላት ነፋስ ብቻ ነው የሚገባው።

ዛሬ ተነስቼ ጢሜን ተላጭቼ ስጨርስ ዞር ብል ተነስታ ተቀምጣለች፣ ለብሳለች፣ ፀጉሯን አበጥራለች። ብዙ ሰዓት እንደዚያው የጠበቀችኝ ይመስለኛል። ፊቷን ወደ እኔ መልሳ «ነጋ እንዴ?» አለችኝ።

ዓይኗ ከጠፋ ጀምሮ ይሄን ጠይቃኝ አታውቅም፣ ልጄ። እሷ ነበረች የምትቀሰቅሰኝ።

«ነግቷል» አልኳት።

«እንግዲህ በየቀኑ ትነግረኛለህ» አለችኝ።

አባትሽ